ማላ የሚለው ቃል

ገለቴ ክፉ ሴት መሆኗን የምናገርበት ቃል ያገኘሁት በስፓኒሽ ነው። በአማርኛ ቃል አጥቼ አይደለም። በአማርኛ ካልኩት ግን ትሰማኛለች፤ ከሰማችኝ ደግሞ በበርበሬ ታጥነኛለች ብዬ እፈራ ነበር። አንድም ቀን አጥናኝ አታውቅም። ፍርሃቱ ግን የእውነት ነበር።

ገለቴ የእንጀራ እናቴ ናት። አባቴ ደሳለ ከኩልመስክ አግብቶ ላሊበላ ሲያመጣት ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። የወለደችኝ እናቴ አመተ ሥላሴ ከዚያ በፊት ሞታለች። እንዴት እንደሞተች ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስጠይቅ ትልልቆቹ «መንገድ ላይ ቀረች፣ ነፍሷን ይማርና» ይሉና ወሬ ይቀይራሉ። እኔ «ነፍሷን ይማር» የሚለውን አልሰማውም፤ «መንገድ ላይ ቀረች» የሚለውን ነበር የምሰማው። መንገድ ላይ የቀረ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ይደርሳል። ስለዚህ ገለቴ የእናቴ አልጋ ላይ ስትተኛ፣ የእናቴን ድስት ስታነሳ፣ ባለቤቷ ስትመጣ ምን ልትል ይሆን እያልኩ አያት ነበር።

ግቢያችን ውስጥ ባለች አንድ ክፍል ቤት የአባቴ አክስት እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ይኖሩ ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ለድሃ እጃቸው የማይታጠፍ፣ ምላሳቸው ግን የሚያቃጥል መነኩሲት ነበሩ። ገለቴን አልወደዷትም። ከጎረቤት ጋር ቁጭ ብለው «ያላፈራች ዛፍ ምን ትደረጋለች? ቃሉ ምን ይላል?» ሲሉ እሰማለሁ። ደጃችን ላይ የኮክ ዛፍ ነበረችን። እሷን ሊያስቆርጡብን መስሎኝ በማግስቱ ሄጄ ቅርንጫፎቿን አገላብጬ አየሁ። ፍሬ ነበራት። እፎይ አልኩ።

ስለ ገለቴ ክፋት ራሴም ያየሁት ነገር ነበር። ከሐምሌ ጀምሮ ጠባይዋ ተለወጠ። በር ትዘጋለች። ትንሽ ነገር ታስቆጣታለች። አንድ ቀን በፍልሰታ ጾም፣ ቅዳሴ ሳይወጣ፣ ጓዳ ተደብቃ ሎሚ በጨው ስትልስ አየኋት። ስታየኝ እጇን ከነሎሚው ነጠላዋ ሥር ከተተች። ጾም የምትገድፍ ሴት! ለእማሆይ ብናገርባት ምን እንደምትሆን እያሰብኩ ቀኑን ሙሉ ዋልኩ። ነፍሰ ጡር መሆኗን ያኔ አባቴ እንኳ አያውቅም ነበር። ከዚያ በፊት የተረገዙት ሳይጸኑ ስለቀሩባት፣ ይኼኛው እስኪቆይላት ብላ ለሰው አልተነፈሰችም።

አባቴ አስጎብኚ ነበር። በዚያን ጊዜ ላሊበላ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚችል አስጎብኚ ሞልቷል፤ ስፓኒሽ የሚችል ግን ጥቂት ነው። አባቴ ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረውም። ከእንግዶቹ አፍ ለቅሞ፣ እየተሳቀበት፣ እየታረመ ነው የያዘው። ስፔናውያኑ የሚመጡት ደግሞ በነሐሴ ነው፤ በዝናቡና በጭቃው ጊዜ።

በዚያ ነሐሴ ከመጡት መካከል አንዲት ፀጉሯ የነጣ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ ነበረች። ስሟ አሱንሲዮን ነው። አባቴ «በእኛ ፍልሰታ ማለት ነው። በፍልሰታ ፍልሰታ መጣችልን» ብሎ እማሆይን እንኳ አሳቃቸው። ሴትዮዋ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ስትወርድ የረጠበው ድንጋይ አዳለጣትና ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ጓደኞቿ ወዲህ ወዲያ ሲሉ ብቻዋን ሆቴል ከምትውል ብሎ አባቴ ቤታችን አመጣት። በረንዳው ላይ ወንበር ተሰጣት፣ እግሯ ዱካ ላይ ተሰቀለ፣ እኔም እንድላላካት ታዘዝኩ።

የመጀመሪያው ቀን በጨዋታ አለፈ። እሷ ትጠቁማለች፣ ስሙን ትናገራለች፤ እኔ እደግማለሁ። የጎረቤታችን የባለሱቁ የባምላክ ውሻ በአጥሩ ቀዳዳ አፉን አሾልኮ ሲጮህባት ደነገጠችና ሳቀች። ጣቷን ነቅንቃበት «ኤል ፔሮ ኤስ ማሎ» አለች። ማታ አባቴ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ማሎ ክፉ ማለት ነው» አለኝ ጭቃ የያዘ ጫማውን እያወለቀ። «ውሻው ክፉ ነው ማለቷ ነው። እነሱም እንደ እኛ ወንድና ሴት ይለያሉ። ለወንድ ማሎ፣ ለሴት ማላ።»

«ውሻዋ ሴት ብትሆን?»

«ማላ።»

«ሰውስ?»

«ሰውም እንደዚያው» አለና ደክሞት ስለነበር ጋደም አለ። የቀረውን ትምህርት በማግስቱ መንገድ ላይ እንደሚሰጠኝ ሁለታችንም አላወቅንም።

እኔ ግን የምፈልገውን አግኝቻለሁ። ገለቴ ራት ስታቀርብ ከጀርባዋ ቀስ ብዬ «ማላ» አልኩ።

ዞር ብላ «ምን አልሽ?» አለችኝ።

«ምንም።»

ያቺን ቃል እንደ ከረሜላ አፌ ውስጥ እያገላበጥኩ ተኛሁ።

በማግስቱ አባቴ እንግዶቹን በበቅሎ ይዞ ወደ አሸተን ማርያም ወጣ። እማሆይ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ቤት የቀረነው ገለቴ፣ አሱንሲዮንና እኔ ነን። ደመናው ተራራውን እስከ ወገቡ ሸፍኖት ነበር።

ረፋዱ ላይ ለእንግዳዋ ብርጭቆ ላመጣ ጓዳ ገባሁ። ገለቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ መሬት ላይ ተንበርክካ ጨርቅ ታጥባለች። ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ ቀይ ነበር።

ደም መሆኑን አወቅኩ። በዓል ሲሆን ዶሮ ሲታረድ አይቻለሁ። ተደብቃ በፍልሰታ ዶሮ አርዳለች!

«ውጪ!» ብላ ጮኸች። «ምን ታያለሽ? ውጪ ብያለሁ!»

ክንዴን ይዛ ገፋችኝ። ትከሻዬ ከመቃኑ ጋር ተጋጨ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ፤ ከተዘጋ በኋላ ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። የደበቀችው ድስት ነው ብዬ ገመትኩ።

የወደቀችው እሷ ነበረች።

እያለቀስኩ በረንዳው ላይ ደረስኩ። አሱንሲዮን መነጽሯን አውልቃ «ኬ ፓሳ?» አለችኝ፤ ምን ሆንሽ ማለቷ እንደሆነ ከፊቷ ገባኝ። ሁሉንም ልነግራት ፈለግኩ። ሎሚውን፣ ዶሮዋን፣ የእናቴን አልጋ። ለዚህ ሁሉ የነበረኝ ቃል ግን አንድ ብቻ ነው። ወደ ጓዳው በር ጠቆምኩና «ገለቴ ማላ» አልኳት።

ፊቷ ተለወጠ። «ማላ? ኤስታ ማላ?»

«ማላ! ማላ!» አልኩ ራሴን እየነቀነቅኩ። በመጨረሻ የሚሰማኝ ሰው ተገኘ።

አሱንሲዮን ያንን ያበጠ እግሯን መሬት ላይ አሳረፈችና ተነሳች። ግድግዳውን እየተደገፈች፣ በአንድ እግሯ እየዘለለች፣ ጓዳው ደርሳ በሩን ከፈተች። እኔም ከኋላዋ ገባሁ። ስትቆጣት ለማየት ነበር የገባሁት።

ገለቴ ሳፋው አጠገብ ተጋድማለች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ከንፈሯም ቀለም የለውም። አሱንሲዮን ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። የዓይኗን ቆብ ወደ ታች ስባ አየች፣ የእጇን ሥር ያዘች፣ ሆዷን በጣቷ ጫን አደረገችው። ገለቴ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ተመርምራ ተይዛለች፣ አሁን ታምናለች ብዬ ጠበቅኩ።

አሱንሲዮን ትከሻዬን ይዛ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ቀስ አድርጋ «ኤስታ ማላ። ሙይ ማላ» አለችኝ። ከዚያ እጇን ጆሮዋ ላይ እንደ ስልክ አድርጋ «ፓፓ! ፓፓ!» አለች።

ገባኝ። ክፉ ናት፣ ለአባትሽ ደውዪና ንገሪው ነው። በደስታ ሮጥኩ።

በሩ ላይ ከእማሆይ ጋር ተጋጨን። ለጠበል መቅጃ ጀሪካን ሊወስዱ ነበር የመጡት።

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?»

«ፈረንጇ ገለቴ ክፉ ናት አለች! ዶሮ አርዳ ይዛታለች!»

«እንዴት ያለ ነገር ነው! ባሕር ተሻግራ የመጣችው እንኳ አወቀቻት» አሉና ቀድመውኝ ገቡ። ዶሮ አልነበረም። ደሙን አዩ። «በስመ አብ» አሉ። «ይኼ የሰው በሽታ አይደለም። ጠበል ይምጣ። አንቺ ሴትዮ እጅሽን አንሺላት!»

«ኦስፒታል! ኦስፒታል!» አለች አሱንሲዮን።

«የምን ሆስፒታል? መንገድ ላይ ልትገድሏት ነው? ባሏ የለ፣ ቤተሰቧ የለ!»

አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በስፓኒሽ ይጯጯሃሉ። ገለቴ በመካከላቸው «እማሆይ... እማሆይ...» ትላለች፤ ድምፇ እየቀጠነ ሄደ። እማሆይ ሴት ስትደማ አይተው የማያውቁ ሰው አልነበሩም። ያዩት ስለበዛ ነው ሆስፒታል ሲባል የሚንቀጠቀጡት። ይኼን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን እንዳይፈርዱባት ስትለማመጣቸው ነበር የመሰለኝ።

አሱንሲዮን እንደገና ወደ እኔ ዞራ «ፓፓ!» ብላ ጮኸች። ባምላክ ሱቅ ሮጥኩ።

ባምላክ ስኳር ይመዝን ነበር። «አባቴ ጋ ደውልልኝ፣ ፈረንጇ ልካኝ ነው» አልኩት። ደወለ፤ አልገባም። ደገመ። ተራራው አናት ላይ ኔትወርክ ይይዛል፤ ዳገቱ ላይ ከሆኑ ግን የለም። ሲደጋግም የአባቴ ድምፅ ከነትንፋሹ መጣ።

«አባባ፣ ገለቴ ክፉ ናት ብላ ፈረንጇ ላከችኝ።»

«ምን?»

«ማላ ናት አለች። ሙይ ማላ አለች።»

ነፋሱ ብቻ ይሰማል። የተቆረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩ።

«ፋና» አለኝ። እንዲያ ባለ ድምፅ ጠርቶኝ አያውቅም። «ስሚኝ። ተርጉመሽ አትንገሪኝ። ከአፏ እንደወጣ በይልኝ።»

«ኤስታ ማላ። ሙይ ማላ።»

«‹ኤስ› ነው ያለችው ወይስ ‹ኤስታ›?»

«ኤስታ።»

«አስቢ። ኤስ ማላ አይደለም?»

«ውሻውን ነው ኤስ ያለችው። ገለቴን ኤስታ ነው ያለቻት። ኤስ-ታ።»

«ወይ እመቤቴ!» አለ። «ስልኩን ለባምላክ ስጪው። ቶሎ!»

ባምላክ ሰማ። ሚዛኑ ላይ ያለውን ስኳር እንዳለ ትቶ ባንኮኒውን ዘለለ። መንገድ ዳር ወደ ጋሸና ሰው ለሚጭነው ሚኒባስ ሾፌር «መሐመድኑር! ሰው አውርድ! የደሳለ ሚስት እየሞተች ነው!» ብሎ ጮኸ።

እየሞተች? እኔ እኮ ክፉ ናት ነው ያልኩት። አንዲት «ታ» ተጨምራባት ክፋት እንዴት ሞት እንደሆነ አልገባኝም። ተሳፋሪዎቹ ግን ምንም ሳይጠይቁ ዕቃቸውን እየያዙ ወረዱ። አንድ ሽማግሌ «ሂዱ፣ እመቤታችን ትከተላችሁ» ብለው በሩን ከፍተው ያዙ።

ቤት ስንደርስ እማሆይ የጓዳው በር ላይ ቆመዋል። «ደሳለ ሳይመጣ አትወጣም» አሉ። ባምላክ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ዘረጋላቸው። አባቴ ቁልቁለት እየሮጠ ነበር፤ ድንጋዩ ከእግሩ ሥር ሲንሸራተት ይሰማል።

«እማሆይ፣ በፍልሰታ ይዤዎታለሁ፣ ያውጧት። አመተ ሥላሴን እስከ ማታ ጠበቅናት። ይቺን ግን አናቆያት።»

የእናቴ ስም ለምን እንደተነሳ አልገባኝም። የእማሆይ እጅ ግን ከመቃኑ ላይ ወደቀ። የለበሱትን ጋቢ አውልቀው ገለቴ ላይ ጠቀለሉባት፤ በእግሯ በኩል ያነሷትም እሳቸው ናቸው።

መኪናው ውስጥ ስትገባ ገለቴ እጄን ያዘች። ልትቀጣኝ መሰለኝ። ላስለቅቅ ብታገልም ጣቶቿ እንደ ገመድ ጠበቁብኝ። መሐመድኑር «ልጅቷንም አስገቧት፣ ጊዜ የለም» አለና እንደተያዝኩ ገባሁ።

ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ሰቀሉላት። ሐኪሙ ሆዷን አይቶ አሱንሲዮንን አናገረ፤ ሁለቱ በእጅም በእንግሊዝኛም ተግባቡ። «ሆዷ ውስጥ እየደማች ነው። እዚህ አንከፍታትም፤ ወልድያ መድረስ አለባት» አለ። አምቡላንሱ ምጥ የጠናባት ሴት ይዞ ወጥቷል። መሐመድኑር ሞተሩን አላጠፋም ነበር። አባቴ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ፣ ሱሪው ተቀዶ፣ ግቢው በር ላይ ደረሰብን።

የጋሸና መንገድ ያኔ ጠጠር ነው። ዝናቡም ጀመረ። አባቴ የገለቴን ራስ ጭኑ ላይ አድርጓል፤ አሱንሲዮን የግሉኮሱን ከረጢት ከፍ አድርጋ ይዛ፣ በሌላ እጇ የሥሯን ምት ትቆጥራለች። ገለቴ «ውሃ» አለች። አሱንሲዮን «ኖ» አለች። ገለቴ እንደገና ለመነች። ውሃ የሚከለክል ሰው አይቼ አላውቅም፤ ክፉዋስ ይቺ ናት ብዬ አሱንሲዮንን ጠላኋት።

«እንዳትተኛ አናግሯት ትላለች» አለ አባቴ። እሱ ግን ማናገር አልቻለም። ስለዚህ እኔ ተናገርኩ።

«ገለቴ፣ ዶሮዋን የት አደረግሻት?»

ዓይኗን ገለጥ አደረገች። «የምን ዶሮ?»

«ሳፋው ውስጥ ደም ነበር።»

«ዶሮ አይደለም፣ ፋንዬ» አለች። ፋንዬ ብላኝ አታውቅም። ከዓይኗ ጥግ እንባ ወርዶ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። አባቴ ጎንበስ ብሎ አያትና «ለምን አልነገርሽኝም?» አላት። ምን እንዳልነገረችው ለመጠየቅ ፈራሁ።

ዳገቱን ስንጨርስ ከብቶች መንገዱን ዘጉት። መሐመድኑር ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ሊቆም ነው። አባቴ የመኪናውን ጣሪያ በጡጫ መታ።

«እዚህ አትቁም! የፈለግክበት ቁም፣ እዚህ ብቻ አትቁም!»

መሐመድኑር ጥሩንባውን ለቆ በከብቶቹ መካከል ሰንጥቆ አለፈ። እኔ ሜዳውን፣ ጭጋጉንና አንድ ብቻውን የቆመ ባሕር ዛፍ ብቻ ነበር ያየሁት። እናቴ የቀረችው እዚያ ባሕር ዛፍ አጠገብ ነው። ጠዋት ምጥ የያዛት ሴት ማታ መኪና ላይ ተጭና፣ እዚያ ስትደርስ ትንፋሿ ቆመ። ይኼን የነገሩኝ እማሆይ ናቸው፣ ሊሞቱ ሲሉ።

ጭጋጉ ውስጥ ስንገባ አባቴን ጠየቅኩት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው፣ ገለቴ እንዳትሰማ።

«አባባ፣ ክፉ ናት አላለችም?»

«አላለችም።»

«ማላ ነው እኮ ያለችው።»

አባቴ ፊቱን ጠረገ። «እኛ ‹ደሳለ ደህና ሰው ነው› ስንል ምን ማለታችን ነው?»

«ጥሩ ሰው ነው።»

«‹ደሳለ ደህና ነው› ስንልስ?»

«አልታመመም።»

«አየሽ፣ ደህና አንዲት ቃል ናት፣ ሥራዋ ግን ሁለት ነው። ማላም እንደዚያው ናት። ‹ኤስ ማላ› ካሉ ጠባይዋን ነው፤ ክፉ ናት ማለት ነው። ‹ኤስታ ማላ› ካሉ ግን ያለችበትን ሁኔታ ነው። ታማለች ማለት ነው። የዛሬ ነገር ነው፤ አልፎ የሚሄድ...»

አልፎ የሚሄድ ላይ ድምፁ ተቆረጠ። ወደ ገለቴ ዞረና ጉንጯን መታ መታ አደረገ። «ገለቴ! ገለቴ፣ ዓይንሽን ክፈቺ!»

ከፈተች። አሱንሲዮን የምትቆጥረውን ድምፅ አውጥታ መቁጠር ጀመረች፤ ቁጥሩ እየፈጠነ ሲሄድ የአባቴ ፊት አብሮ ይለዋወጣል። እኔ ደግሞ ቅድም ላስለቅቅ ስታገለው የነበረውን እጇን አሁን በሁለት እጄ ያዝኩ፤ ጣቶቿ ላልተው ነበርና።

ጋሸና መገንጠያው ላይ አንድ የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ተሰክቶ መንገዱን ዘግቷል። መሐመድኑር ወርዶ «ሰው ይዣለሁ!» ብሎ ሲጮህ ምግብ ቤት የተቀመጡት ሁሉ ምግባቸውን ትተው በዝናብ ወጡ። ሚኒባሷን በዳር በኩል በትከሻቸው አሳለፏት። አንዱ በመስኮት አየንና ባርኔጣውን አወለቀ። ሞታለች ብሎ ነው። አባቴ መጋረጃውን ጎትቶ ዘጋው።

ወልድያ የደረስነው ሲመሻሽ ነው። ገለቴን በተሽከርካሪ አልጋ ወሰዷት፤ አሱንሲዮን እያነከሰች በሩ ድረስ ተከተለች። የአባቴ ደም አልገጠመም፤ የመሐመድኑር ገጠመ። ከሰጠ በኋላ ሄዶ መሪው ላይ ተደፍቶ ተኛ። ጽንሱ ከማሕፀን ውጭ፣ በማይሆን ቦታ ይዞ ቧንቧውን እንዳፈነዳው ሐኪሙ ለአባቴ ሲነግረው ሰማሁ። «ጥቂት ብትዘገዩ ኖሮ» አለና አልጨረሰውም። አባቴ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ።

ገለቴ ከዚያ በኋላ አልወለደችም። እማሆይም ስለ ዛፍ ዳግመኛ አላወሩም።

ጠዋት እንድንገባ ተፈቀደልን። ገለቴ ነጭ አንሶላ ውስጥ አንሳ፣ ትንሽ ሴት መስላ ተኝታለች። አባቴ አጠገቧ ቆሞ «ይቺ ልጅ ናት ያተረፈችሽ። ‹ገለቴ ማላ› ብላ ለአሱንሲዮን የነገረቻት እሷ ናት። ታማለች ማለት ነው» አላት።

«አይደለም» አልኩ። «ክፉ ናት ማለቴ ነበር።»

አባቴ ደነገጠ። ገለቴ አየችኝ። ከዚያ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠና ሳቀች፤ ስትስቅ ስፌቱን ይዛ «ኧረ አታስቂኝ፣ ተቀደድኩ» አለች። ሳቋ ሲያልቅ ጣሪያውን እያየች ቆየች።

«እውነትሽን ነው» አለች። «ላንቺ ደህና አልነበርኩም። የእናትሽን ዕቃ በነካሁ ቁጥር ዓይንሽ ይከተለኛል፤ ያንን ዓይን ፈርቼ ነው በር የምዘጋው።» ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «ያኛው፣ የጠባዩ፣ እንዴት ነበር የሚባለው?»

«ኤስ ማላ።»

«ኤስ ማላ» ብላ ደገመችው። «በይ ጠይቂልኝ ሴትዮዋን። እሱስ ይታከማል ወይ በያት።»

አሱንሲዮን ከአልጋው ግርጌ፣ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች። ዓይኖቿ በእንቅልፍ ዕጦት ቀልተዋል። ምን እንዳለች ለማወቅ አባቴን አየችው። አባቴ ሊተረጉም አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ስለዚህ እኔው መናገር ነበረብኝ። ያሉኝን ቃላት ሰበሰብኩ።

«ገለቴ ኖ ኤስ ማላ» አልኳት።

አሱንሲዮን ፈገግ አለች። የቋንቋ ስህተት የሠራሁ መሰላት። እንደ አስተማሪ ጣቷን አንስታ፣ ቀስ አድርጋ «ኖ ኤስታ ማላ» ብላ አረመችኝ። አሁን አልታመመችም፣ ተሽሏታል ማለቷ ነው።

«ኖ» አልኩ። ወደ ገለቴ ሄድኩና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «ኤስ። ኖ ኤስ ማላ።»

አሱንሲዮን እኔን አየች፣ ገለቴን አየች። የተነሳው ጣቷ ቀስ ብሎ ወረደ።